ከሲቪላይዜሽን 7 በኋላ ከስምንተኛው ምን ተስፋ እናድርግ?

ወንድማችን «ሲቪላይዜሽን 7 ካሳዘነን በኋላ ከስምንተኛው ምን ተስፋ እናድርግ? ወይስ ወደ አምስተኛው ተመልሰን እንቀመጥ?» ሲሉ ላነሡት ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መመለስ የፈለግሁት፣ ይህን አንድን ሕዝብ ከጥንት እስከ ዘመናችን የሚመሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ ከአራተኛው ክፍል ጀምሮ ስለተከታተልሁትና እስካሁን ከተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ቅሬታውን በትክክል ቢገልጹም ምክንያቱን የሳቱት ስለመሰለኝ ነው። ስምንተኛ ክፍል በይፋ ስላልታወጀ የምለው ሁሉ ምኞት መሆኑ ይታወቅልኝ።

ብዙዎች ሰባተኛው ያልተወደደው ብዙ ነገር ስለቀየረ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1991 ከተጀመረ ወዲህ የቀደመውን ሳይነቅል የመጣ ክፍል የለምና። አምስተኛው በ2010 ሲወጣ በአንድ ቦታ ላይ ጦር መደራረብን ከልክሎ፣ አራት ማዕዘኑን ካርታ በስድስት ማዕዘን ተክቶ፣ በአራተኛው የለመድናቸውን ሃይማኖትንና ስለላን ጨርሶ አስወጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜም ቁጣው ቀላል አልነበረም። ሃይማኖትና ስለላ በ2012 በወጣው ማስፋፊያ (በዋናው ጨዋታ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ክፍል) ተመለሱ፣ በ2013 በወጣው ሁለተኛው ማስፋፊያ ደግሞ የንግድ መስመሮች ተጨመሩ፤ ዛሬ በናፍቆት የምናነሣው አምስተኛ ክፍል ይህ ተጠግኖ የተሟላው ነው። ስለዚህ ለውጥ ብቻውን ሰውን አያባርርም።

የሰባተኛው ችግር ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ተጫዋቹን ከገዛ ታሪኩ ይነጥለዋል። ጨዋታው በወጣበት መልኩ የጥንት፣ የአሰሳና የዘመናዊ በሚሉ ሦስት ዘመናት ተከፍሎ፣ ዘመን በተለወጠ ቁጥር መሪው እንዳለ ሆኖ ሕዝቡ ይቀየራል። አክሱምን ይዞ የጀመረ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐውልት እየተከለ፣ ታንኳ የተባለውን ነጋዴ ወደ ጎረቤት ከተሞች እየላከ፣ በባሕር ንግድ ወርቅ እያካበተ የመጀመሪያውን ዘመን ይፈጽምና ከሁለተኛው ደጃፍ ሲደርስ የምዕራብ አፍሪካውን መንግሥት ሶንግሃይን የመሰለ ምርጫ ይቀርብለታል። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ በቀረበው ዝርዝር ውስጥ የዛጔም ሆነ የጎንደር መንግሥት አልነበረም፤ በሦስተኛው ዘመን ከአፍሪካ የተወከለው በዛሬዋ ኡጋንዳ ያለው ቡጋንዳ ብቻ ነበር። የሶንግሃይንም የቡጋንዳንም ታላቅነት የሚክድ የለም፣ በጨዋታው ውስጥ መገኘታቸውም ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ከኒጀር ወንዝ ዳር የተነሣ መንግሥት የአክሱም ወራሽ ሆኖ ሲቀርብ አክሱምም ሶንግሃይም ታሪካቸውን ያጣሉ። ግብፅን ይዘው የሚጫወቱ ሰዎችም ጨዋታው ገና ሳይወጣ፣ በ2024 ማስተዋወቂያው ላይ ከግብፅ ወደ ሶንግሃይ የሚደረገውን ሽግግር አይተው ቅር ብሏቸው ነበር።

ይህን ከቀደሙት ክፍሎች ጋር ያነጻጽሩት። በአራተኛው ክፍል ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በአምስተኛው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ደግሞ በ2020 በወጣ ተጨማሪ ጥቅል በዳግማዊ ምኒልክ ተወክላ ነበር። በአምስተኛው የኢትዮጵያ ጦር ከራሱ የበለጠ ከተማ ያለውን ተፎካካሪ ሲገጥም ተጨማሪ ብርታት ያገኛል፤ መታወቂያውም የዓድዋ መንፈስ ነው። በስድስተኛው ኮረብታ ላይ የተመሠረተ ከተማ ከሃይማኖት ገቢው ዕውቀትና ባህል ይቀዳል፤ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም በኮረብታ ላይ ይታነጻሉ። እነዚህ ደንቦች ተጫዋቹ ጥቂት ከተሞችን አጥብቆ እንዲይዝ ወይም ደጋውን እንዲመርጥ ያደርጉታል፤ ከመጀመሪያው ሰፋሪ እስከ መጨረሻው ተራ ድረስ በአንድ አገር ጠባይ ያስባል። ሰባተኛው የነጠቀን ይህንን ነው።

በዚያ ላይ ሽግግሩ ራሱ ድካምን ያባክናል። ጨዋታው ሲወጣ በነበረው ደንብ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ጦርነቱ በመካከል ይቋረጣል፣ ከዋና ከተማው በቀር አብዛኞቹ ከተሞች ወደ ትንንሽ መንደርነት ይመለሳሉ፣ አዛዦች ሊይዙት ከሚችሉት በላይ የሆነው ጦርም ይጠፋል። ጠላቱን ሊያሸንፍ አንድ ከተማ ብቻ የቀረው ሰው ማያ ገጹ ጠቁሮ በአዲስ ዘመን ሰላም ሆኖ ሲነቃ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። ሐሳቡ የመጣው ከተገቢ ችግር እንደነበር እረዳለሁ፤ በቀደሙት ክፍሎች አሸናፊው በአጋማሽ ስለሚታወቅ ብዙዎቻችን ጨዋታውን ሳንጨርስ እንተወው ነበር። ሆኖም የቀዳሚውን ተጫዋች ርቀት ለማጥበብ የተደረገው ነገር ሁሉንም ወደ አንድ መስመር መልሶ ማሰለፍ ሆነ። ጨዋታው ሲወጣ ግቦቹም በየጨዋታው ያው ነበሩ፤ በጥንቱ ዘመን የባህል መንገድ የመረጠ ሁልጊዜ ሰባት ድንቅ ሥራዎችን ይቆጥር፣ የዕውቀቱን የመረጠ የብራና መጻሕፍትን ይሰበስብ ነበር።

ከስምንተኛው የምመኘው እንግዲህ ሕዝቡ ስሙን ይዞ ጠባዩን እንዲለውጥ ነው። አክሱም የባሕር ንግዷን ስታጣ ወደ ደጋው አፈግፍጋ ላስታ ላይ ዐለት የምትፈለፍል፣ ቆይታም በጎንደር ግንብ የምታንጽ አገር ብትሆን፣ ለውጡ የሚመጣውም ተጫዋቹ በሠራውና በደረሰበት ነገር እንጂ በአንድ የዘመን ቆጣሪ ሙሉነት ባይሆን፣ የሰባተኛው ሐሳብ ያለ ቁስሉ ይገኝ ነበር። ሕዝብ መቀየር የሚወድ ሰው ምርጫው ሊከፈትለት ይችላል፤ ግዴታ መሆኑ ነው ክፋቱ። ሂዩማንካይንድ የተባለው ጨዋታ በ2021 ተመሳሳይ የሕዝብ መቀያየር ይዞ ሲመጣ ብዙ ተጫዋች ከማን ጋር እንደሚዋጋ እየጠፋው ተማርሮ ስለነበር፣ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ነበረ። የጨዋታው ሠሪ ፊራክሲስ በ2025 መጨረሻ አካባቢ አንድን ሕዝብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ የመጫወት መንገድ እየሞከረ መሆኑን ማስታወቁ ቅሬታው እንደተሰማ ያሳያል። የእኔ ጥርጣሬ፣ ለመቀያየር የተሠራ ጨዋታ በማሻሻያ ሊስተካከል የሚችለው እስከ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው ምኞቴ ጨዋታው በወጣበት ቀን ሙሉ እንዲሆን ነው፤ ይህም በተለይ አገር ቤት ላለነው ይከብዳል። መደበኛው ዕትም 70 ዶላር ገደማ ተሸጦ ሳለ፣ ከተማን በፈለጉት ስም መሰየምን የመሰለ ቀላል ነገርና ከድል በኋላ «አንድ ተራ ብቻ» ብሎ መቀጠል በኋላ በማሻሻያ የመጡ ናቸው፤ ታላቋ ብሪታንያ እንኳ ለብቻው በሚከፈልበት ጥቅል ነበር የቀረበችው። በሞባይል ዳታ የሚያወርድ፣ በዶላር የሚከፍልበትን ካርድ ከውጭ ዘመድ የሚለምን ተጫዋች እያንዳንዱን ማሻሻያ በብር ነው የሚቆጥረው። በአንድ ኮምፒውተር እየተፈራረቁ መጫወትም ጨዋታው ሲወጣ አልነበረም። በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ሦስት ሆነን ተራ እየጠበቅን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ስምንተኛው ከመጀመሪያው ቀን ሊይዘው ይገባል።

ከሰባተኛው የሚጣል ነገር ብቻ እንዳለ ግን አይቁጠሩት። ጦርን በአንድ አዛዥ ሥር ሰብስቦ ማንቀሳቀስ የአምስተኛውንና የስድስተኛውን የመንገድ መጨናነቅ አቃልሏል። መርከብ የሚያስገቡት ትላልቅ ወንዞች ካርታውን ሕይወት ሰጥተውታል፤ ሠራተኛን ከቦታ ቦታ የማዘዝ አሰልቺ ሥራም ቀርቷል፣ ማንም እንዲመልሰው አልመኝም። ኮምፒውተሩ የሚመራው ተፎካካሪ የጦር ስልቱ ደካማ ሆኖ መቅረቱ ደግሞ የሁሉም ክፍሎች የቆየ በሽታ ነው፤ ከፍ ባለ ደረጃ በተጨማሪ ገቢ ማካካሱ አሁንም ብልኃት አይባልም።

መጠበቁን በተመለከተ፣ በስድስተኛው እና በሰባተኛው መካከል ከስምንት ዓመት በላይ ስላለፈ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። ላፕቶፕዎ አሮጌ ከሆነ አምስተኛውን ከሁለቱ ማስፋፊያዎች ጋር፣ ደኅና ከሆነ ስድስተኛውን ከነኢትዮጵያ ጥቅሉ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር የቅናሽ ወቅት ይግዙ። ሰባተኛውን አንድን ሕዝብ ይዞ መጨረስ የሚያስችለው ማሻሻያ ተጫዋቾች ሞክረው ሲያመሰግኑት ካዩ በኋላ፣ እሱንም ዋጋው በግማሽ ሲወርድ እንጂ በሙሉ ዋጋ አይግዙት።