ፈረንጅ ሲቀር ማን ይሳፈራል? ለባሕር ዳርና ለዘጌ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ነበር። በቱሪዝም ተመርቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ የለውም። «ጋሼ፣ ሰላም ሲሆን ፈረንጁ ይመጣል፣ እስከዚያ መጠበቅ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? መጠበቅን ያስተማርናችሁ እኮ እኛ ነን።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አስጎብኝቻለሁ። ጧት ከወደቡ ተነስተን ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፤ ጊዜ ከተረፈ ክብራን ገብርኤል (ሴቶች ስለማይገቡ ጀልባው ላይ ይቀራሉ፣ የተከፋችውን ማባበል ደግሞ የእኔ ሥራ ነው)፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ ማታ ቲፕ። ከመስከረም እስከ ጥር የተሠራው ዓመቱን ይሸፍናል። ክረምት ላይ እንተኛለን። በቃ፣ ኑሮ ማለት ይሄ መስሎን ነበር።

ጥፋቴን ልናገር። ዘጌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ቡናም ጌሾም አላቸው። እሱ ራሱ ደንገል ቆርጦ ታንኳ ይሠራል፣ እንጨት ጭኖ እስከ ባሕር ዳር ይቀዝፋል። እንግሊዝኛውን ከእንግዶች ጋር እያወራ ነው የለመደው፣ ግን ከብዙ ተማሪ ይሻላል። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ቋንቋህ እንጨት ትሸከማለህ? ተወው፣ ና ከተማ ግባ፣ አስጎብኚ ሁን» አልኩት። ሰማኝ። ቡናውን ለእኩል ሰጥቶ መጣ። ሦስት ዓመት አሪፍ ሠራ፣ እኔም በየሄድኩበት «የእኔ ልጅ ነው» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ 2012 መጋቢት ኮሮና ገባ። ሊከፈት ነው ስንል በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት። ትንሽ ተነፈስን ስንል በ2015 ክረምት ግጭቱ ደጃችን ደረሰ። ልጁ ዛሬ የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ይነዳል። የቡናው ማሳ አረም በልቶታል። ሲያየኝ ያው ሰላም ይለኛል፣ አይወቅሰኝም። ባይወቅሰኝም ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም «ባሕር ዳር ሰላም ነው፣ ለምን አይመጡም?» የሚል ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል። ፈረንጁ የሚመጣው ለባሕር ዳር ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ እያለ የሚዞር ነው፤ ከእነዚህ አንዷ ስትታመም ጉዞው በሙሉ ይሰረዛል። ደግሞ የሀገሩ መንግሥት «ወደዚያ አትሂዱ» ብሎ ከጻፈ የጉዞ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ኢንሹራንስ ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱ ግሩፕ አይልክም። እኛ እዚህ ጀልባችንን ብናጥብ፣ ዋጋ ብንቀንስ፣ ፈገግ ብንል የሚለወጥ ነገር የለም። የእንጀራችሁ ክር ያለው እናንተን አይቶ በማያውቅ ሰው እጅ ነው።

በባዶው ወራት ስልኬ ላይ ስለ ባሊ አነበብኩ፣ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት። ከእኛ ጋር አትወዳደርም፣ ቱሪስቱ በሚሊዮን ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ግን ኢኮኖሚዋ ከ9 በመቶ በላይ ወደቀ፣ ሥራ አጡም ከ2 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 5.6 በመቶ ገደማ ወጣ። አጠገቧ ኑሳ ለምቦንጋን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሰዎቿ ድሮ የባሕር አረም እያለሙ ይሸጡ ነበር። ቱሪስት ሲበዛ ተዉት። ቱሪስት ሲጠፋ ተመልሰው ውኃው ውስጥ ገቡ። ይሄን ሳነብ የዘጌው ቡና ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ዘጌ በልማድ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፣ ጫካው የተረፈውም በዚህ ነው። ሰዉ የኖረው በቡናና በጌሾ ነው፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ከመታየቱ ብዙ ዘመን በፊት። እኛ ግን ቡናውን ለፎቶ ማድመቂያ አደረግነው።

ወደቡ ላይ አንድ መካኒክ አለ። እንግሊዝኛ አይችልም። እጁ ሁሌ ዘይት ነው፣ እኛ ባለ ኮፍያና ባለ መነጽር አስጎብኚዎች ሰላምታችንን ከሩቅ እናደርግለት ነበር፣ ሸሚዛችን እንዳይቆሽሽ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከመካከላችን ሥራ ፈትቶ ያላየሁት እሱን ብቻ ነው። ለምን? ጀልባ እኮ ፈረንጅ ብቻ አይጭንም። ገበያተኛ ይጭናል፣ ቡና ይጭናል፣ መነኩሴ ይጭናል፣ አስተማሪ ይጭናል። ቱሪስት ኖረም አልኖረም ሞተር ይበላሻል።

እና አንድ ሥራ ስትመርጡ ይቺን ጠይቁ፦ ፈረንጅ ሲቀር ማን ይሳፈራል? ምግብ አብሳይ ከሆናችሁ ፊሌ ብቻ አትማሩ፤ የከተማው ሰው ጉላሽ ይበላል፣ የአሳ ዱለት ይበላል፣ ሠርግ ይደግሳል። ሆቴል ውስጥ ከገባችሁ እንግዳ መቀበያው ላይ ብቻ አትቁሙ፣ ሒሳብ ክፍሉን ጠጋ በሉት። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ወፍጮ ቤትም ይቀጠራል። ቋንቋውን አትጣሉት፣ እሱ በኪስ ይቀመጣል፣ አይበላም አይጠጣም። ባጃጅ ግን እባካችሁ ይብቃ፤ ሁሉም ባጃጅ ከገዛ ማን ይሳፈራል?

«ሥራ አትናቁ» ብዬ ልገስጻችሁ አይደለም። ይሄን የሚሉ ሽማግሌዎች እኔንም ያናድዱኛል። መነሻ ገንዘብ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፣ መንገድ እንደሚዘጋ አውቃለሁ፣ ኔት እንደሚጠፋም አውቃለሁ። መካኒክ ሁኑ ስላልኩ መፍቻ ከሰማይ አይወርድም። እኔ የምለው፣ የምትጠብቁትን ጊዜ እጃችሁን እያስለመዳችሁ ጠብቁት ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ ያን መካኒክ አነጋገርኩለት። «አሮጌ ልብስ ለብሶ ሰኞ ይምጣ፣ ገንዘብ ግን ለጊዜው የለኝም፣ ምሳ አበላዋለሁ» አለኝ። ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሐይቁን አየና «አስቤበት ማክሰኞ እነግርሃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው።