የበረኛ ጓንት፦ ኳስ አያያዝና የእጅ ጥበቃ (ጥያቄና መልስ)

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ባሉ ሜዳዎች ከሚጫወቱ በረኞች፣ ከአሰልጣኞችና ከልብስ ሰፊዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ በአመጣጣቸው ተራ ነው።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ አዲስ ጓንት ገዝቼ ኳሱ ከድሮው ብሶ ይሾልከኛል። ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። አዲስ ላቴክስ (መዳፉ ላይ ያለው ኳስ የሚይዝ ለስላሳ ጎማ) ላዩ ላይ ከአመራረቱ የቀረ ኬሚካል አለ፤ እሱ ሳይለቅ መዳፉ ያንሸራትታል። ለብ ባለ ውሃ ነክረህ በአውራ ጣትህ ቀስ እያልክ እሸው። ውሃው አረፋ መስጠቱን ሲተው በቃ። አትጠምዝዘው፤ በፎጣ መሃል ጫን ጫን አድርገህ ውሃውን አውጣና ጥላ ውስጥ አስጣው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

ልትጫወት ስትል ደግሞ መዳፉን አርጥበህ ትርፉን አራግፍ። ርጥበት ያገኘ ላቴክስ ይለሰልሳል፣ ኳሱ ላይ ይጣበቃል። ውሃ ከበዛበት ግን በመዳፉና በኳሱ መካከል ውሃ ይገባና መልሶ ይሾልካል። በበጋ አቧራው ቶሎ ስለሚሸፍነው ከግቡ ቋሚ አጠገብ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይኑርህ። ሌላው፣ እናንተ ጋ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም። ዘግይተህ የደረስክበትን ሁሉ በጓንቱ አታሳብብ።

ከጀሞ፦ የመዳፉ ላቴክስ ውፍረት 3 ሚሊ ይሻላል 4 ሚሊ?

መልስ፦ ለጠጠር ሜዳ 4 ሚሊ ላቴክስ፣ ከሥሩ 3 ሚሊ ፎም። ቀጭኑ ኳሱን ለእጅ በደንብ ያሰማል እንጂ ምቱን አያበርድም። ከውፍረቱ ይልቅ ግን ዓይነቱን እይ። በጣም ለስላሳው ላቴክስ የሚይዘውን ያህል ቶሎ ይላጣል። አቅም ካለህ ጠንከር ያለውን ለልምምድ፣ ለስላሳውን ለጨዋታ ብቻ አድርግ። ከወደቅክ በኋላ መዳፍህን አስደግፈህ መነሳትም ተው፤ በቡጢ ተነስ። ጓንት የሚያልቀው ኳስ በመያዝ ሳይሆን መሬት በመፋቅ ነው።

ከኮዬ ፈጬ፣ ልብስ ሰፊ፦ የሰፈር ልጆች ጓንት ስፊልን ይሉኛል። የላቴክስ ሉህ አግኝቼ ሰፋሁላቸው፤ ግን ስፌቱን ተከትሎ ይቀደዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የደቃቅ ስፌት ነው። መርፌው ተጠጋግቶ ሲወጋ ላቴክሱን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋል፣ ከዚያ ትንሽ መሳብ ይበቃዋል። የስፌቱን ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ አድርጊው። መርፌው 90 ቁጥር፣ ክሩ ፖሊስተር ወይም ናይሎን ይሁን፤ የጥጥ ክር ርጥበት ያበሰብሰዋል። ከጠርዙ 5 ሚሊ ገባ ብለሽ ስፊ። ሉሁ ከጀርባው ጨርቅ ያልተለጠፈበት ከሆነ ደግሞ ምንም ብታደርጊ ስለማይቆይ ስትገዢ ገልብጠሽ እዪ።

ላቴክሱ የመኪናው እግር ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረ ከላይም ከታችም ስስ ወረቀት አድርገሽ ስፊና ስትጨርሺ ወረቀቱን ቅደጂው። በስፒል አታያይዢ፣ ቀዳዳው አይደፈንም፤ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ማስቲሽ መዳፉ ላይ እንዳታፈሺ፤ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ቦታ ይፈጥራል፣ ኳሱም እዚያ ላይ ይነጥራል።

ወደ ልኩ ስንመጣ፣ እጅን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መሳል ብቻውን አይበቃም። ኳስ ስንይዝ እጃችን ይታጠፋል፦ መዳፍ ያጥራል፣ ጀርባው ይረዝማል። ስለዚህ የጀርባውን ጨርቅ በየጣቱ ከ5 እስከ 8 ሚሊ አስረዝሚው፤ አለዚያ መዳፉ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደ ላቴክስ ደግሞ ኳሱን በሙሉ ገጹ አይነካም። አውራ ጣቱን ላቴክሱ ዞሮ ይሸፍነው፣ ስፌቱ ወደ ጀርባ ይሂድ። መጀመሪያ የሚቀደደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታ ስለሆነ እዚያ ሁለተኛ ሽፋን ጨምሪበት። ለእጅ አንጓው 7 ሳንቲም ስፋት ያለው ላስቲክ፣ በላዩ ዞሮ የሚታሰር 5 ሳንቲም ቬልክሮ። አንጓው ከላላ ጓንቱ በሙሉ ይዞራል።

100 በ50 ሳንቲም ከሆነ ሉህ፣ ለአንድ መዳፍ 20 በ24 ሳንቲም ብትይዢ፣ በልኩ አምስት ጥንድ ይወጣል፤ ለብክነት አንዱን ቀንሰሽ አራት ያዢ። ዋጋሽን በዚህ አስቢ።

ከዚያው፦ በበግ ቆዳስ? የእኛ ቆዳ ለጓንት ጥሩ ነው ይባላል።

መልስ፦ ስሙ እውነት ነው። የደጋችን በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጎልፍና ለብርድ ጓንት ይፈለጋል። ለበረኛ መዳፍ ግን አይሆንም፦ ረጥቦ ሲደርቅ ይከረደዳል፣ ምቱንም አያበርድም። ለአንጓው ጠርዝና ለማሰሪያው ተጠቀሚበት።

ከቡራዩ፣ አሰልጣኝ፦ የጓንቱ ጣት ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ይጠቅማል ወይስ ማስታወቂያ ነው?

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ ጣት ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ። ኳስ የጣትን ጫፍ ፊት ለፊት ሲመታው ወይም ወደ ጎን ሲያጥፈው አያድንም። ለታዳጊዎች ያለ ፕላስቲክ ይሻላል፣ አያያዝ ሲማሩ ጣታቸው በነፃነት ይታጠፍ። ጣቱ ተጎድቶ የዳነ ልጅ ካለ ያንን ጣት ከጎረቤቱ ጋር፣ ከመገጣጠሚያው በላይና በታች በፕላስተር አያይዙት፤ መገጣጠሚያው ራሱ ክፍት ይሁን። የኳሱንም ንፋስ ይዩ፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው። እንደ ድንጋይ የተነፋ ኳስ የትኛውም ጓንት አይመክተውም።

ከለገጣፎ፦ ኳስ ጣቴን መቶኝ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ላቃናው ብል እምቢ አለ። በወጌሻ ላሳሸው?

መልስ፦ አታስጎትተው። ጫፉን የሚያቃናው ጅማት ተበጥሶ ወይም አጥንቱን ነቅሎት ይሆናል፤ ክሊኒክ ሂድና ራጅ ተነሳ። ጅማቱ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀጥ ተደርጎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይታሰራል፣ በመሃል አንዴ እንኳ ከታጠፈ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። እስኪድን ግብ ላይ አትቁም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ መዳፉን ይሞላዋል።

መልስ፦ ደርቆ እስኪረግፍ አትጠብቅ፣ በብሩሽም አትፈግፍገው፤ ገና ርጥብ እያለ በውሃ አስለቅቀው። ዱቄት ሳሙናና በረኪና ላቴክሱን ይበሉታል። ስታስቀምጠው ሁለቱን መዳፍ አታገናኛቸው፣ ተጣብቀው ሲላቀቁ ይገፈፋሉ።

ከሰበታ፦ የልጄን ቁጥር እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ከአውራ ጣቱ በስተቀር መዳፉን በሰፊው ቦታ ዙሪያውን ይለኩ። 20 ሳንቲም ከሆነ ለ2.54 ሲካፈል 7.9፤ ወደ 8 ያስጠጉና 1 ይጨምሩ፣ 9 ቁጥር ነው። ሲለብሰው ከጣቱ ጫፍ ግማሽ ሳንቲም ያህል ይትረፍ። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም።

ከጀሞ እንደገና፦ ዳኛው ያለ ጓንት አትቆምም ቢለኝስ?

መልስ፦ የእግር ኳስ ሕግ 4 (ስለ ተጫዋቾች ትጥቅ የሚደነግገው) በረኛን ጓንት አያስገድድም። የቅልጥም መከላከያ ግን ግዴታ ነው፣ እሱን አትርሳ።