ስታፎርድ ጋምቢት በ3 ደቂቃ ቼዝ፦ ከማን ጋር?

«የቼዝ ኮምፒውተሩ ስታፎርድ ጋምቢትን (ጥቁር አንድ ወታደር ሰውቶ የሚጀምርበትን አከፋፈት) ዋጋ የለውም ይላል፤ በ3 ደቂቃ ጨዋታ (ለእያንዳንዱ ተጫዋች በጠቅላላው 3 ደቂቃ) ልያዘው ወይስ ልተወው?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔ ኦንላይንም ካፌም ብዙ ስለተጫወትኩት የማውቀውን ልንገርህ። ያዘው። ግን ከማን ጋር እንደምትጫወት ለይ።

ለማያውቁት ባጭሩ (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳው ካሬ ስም ነው፣ አንተ ጥቁር ነህ)፦ ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረሱን ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረሱን ኤፍ6። ነጭ ኢ5 ያለውን ወታደር ሲበላ ጥቁር ሁለተኛውን ፈረስ ሲ6 ያወጣል። ነጭ እሱንም ይበላል፣ ጥቁር በዲ ወታደሩ መልሶ ይበላል። አንድ ወታደር ጎድሎብሃል። በምትኩ መስመሩ ተከፍቶልሃል፣ ቢሾፖችህም ቶሎ ይወጣሉ። ኮምፒውተር ይሄ አይበቃም ይላል፣ ልክም ነው። እሱ ግን ሰዓት አልቆብኝ ብሎ አይደነግጥም።

ጣፋጩ ወጥመድ ይሄ ነው። ነጭ ዲ3 ይላል፣ አንተ ቢሾፕህን ሲ5። አሁን ነጭ ቢሾፑን ጂ5 አውጥቶ ፈረስህን ፒን ማድረግ (ከተንቀሳቀሰ ከኋላው ያለችው ንግሥትህ እንድትበላ አስሮ መያዝ) በጣም ያምረዋል። ካደረገ ፈረስህ ኢ4ን ይብላ። ንግሥትህን ከበላ ቢሾፕህ ኤፍ2 ገብቶ ንጉሡን ቼክ ይላል። ንጉሡ ኢ2 ከመውጣት ሌላ አማራጭ የለውም። ሌላኛው ቢሾፕህ ጂ4 ይመጣል፣ ማት፣ ጨዋታው አለቀ! ንግሥትህን ትቶ በወታደር ፈረሱን ቢበላም፣ ያው የኤፍ2 ቼክ የራሱን ንግሥት ያስበላዋል።

ችግሩ ኤሪክ ሮዘን የተባለው አሜሪካዊ ኢንተርናሽናል ማስተር ጨዋታውን በቪዲዮ ካስለመደው ወዲህ ብዙ ሰው ነቅቷል። የነቃ ሰው ቢሾፑን ኢ2 ላይ በጨዋ ደንብ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ሲ3፣ ቀጥሎ ዲ4። ያኔ ወጥመዱ የለም። ኤች5 ገፍተህ፣ ፈረስህን ጂ4 አድርገህ፣ ንግሥትህን ወደ ንጉሡ በኩል ማዞር ነው ያለህ። በ3 ደቂቃ ይሄም ሰው ያስጨንቃል። በ15 ደቂቃ ግን አትሞክረው፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ አስቦ ያወጣዋል።

ከማን ጋር ያልኩህ ለዚህ ነው። ኦንላይን ሁሌ አዲስ ሰው ነው የሚመጣልህ። መሃል ከተማ ግን የምንጫወተው ያው እኛው ነን። ፒያሳ ሳይፈርስ እዚያ ስንጫወት የነበርነው አሁን አራት ኪሎ ነው የምንገናኘው፣ ፊቱ ሁሉ የታወቀ ነው። አንዴ በዚያ ማት ያገባህበት ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ መልሱን አጥንቶ ይመጣል። ከሱ የባሰው ደግሞ ዳር ቆሞ የሚያየው ነው። ቢሾፑ ጂ5 ሊሄድ ሲል «ኧረ ተው!» የሚል አይጠፋም፣ የማኪያቶው ሒሳብ ያንተ ይሆናል። (የአያቶቻችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ ራሱ «ወረራ» ነበረው፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ጥድፊያው የኖረ ነው።) ስለዚህ ካፌ ውስጥ ለእንግዳ ሰው አስቀምጠው። ለወዳጆችህ የተለመደውን ተጫወት።

በዳታ የምትጫወት ከሆነ የ1 ደቂቃውን ተወው። ኔትወርኩ አንዴ ከቆመ አለቀልህ። በ3 ደቂቃ ግን በዲ ወታደር መልሰህ የምትበላውን ተራህ ሳይደርስ አስቀድመህ ልታዝዘው ትችላለህ፤ ነጭ ሌላ ቢጫወት ትእዛዙ ይሰረዛል እንጂ አይጎዳህም።

ሌላው፣ ብዙ ሰው ኢ5ን አይበላም። በሦስተኛው እርምጃ ሁለተኛውን ፈረስ ሲ3 ካወጣ ስታፎርድ የሚባል ነገር የለም። ፈረስህን ሲ6 አውጣና እንደ ማንኛውም የአራት ፈረስ ጨዋታ ቀጥል። መጀመሪያ ያንን አጥና፤ ከወጥመዱ ይልቅ እሱ ነው ደጋግሞ የሚገጥምህ።