ግሪጎሪ ፔክ እኮ ትምህርቱን አላቋረጠም

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከሎስ አንጀለስ ነው። ጸሐፊው የ21 ዓመት ወጣት ነው። በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ከጎንደር መጥቶ አሁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። ለነርሲንግ የሚያዘጋጁ ኮርሶችን ይወስዳል። ኬሚስትሪ አንዴ ወድቆ እየደገመ ነው። አባቱ ኡበር ይነዳሉ፣ እናቱ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ ይንከባከባሉ። እሱም ቅዳሜና እሁድ ሱፐርማርኬት ሠርቶ ለቤት ኪራይ በወር 500 ዶላር ያዋጣል።

ልቡ ግን ትወና ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ግሪጎሪ ፔክም እንደኔ ነበር። አባቱ የመድኃኒት ባለሙያ፣ እሱ ደግሞ ሐኪም ሊሆን የጀመረ ልጅ። ግን ሁሉን ነገር ጥሎ ኪሱ ውስጥ 160 ዶላር ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ከዚያ የሆሊውድ ኮከብ ሆነ። እኔም በዚህ ሴሚስተር ትምህርቱን ላቋርጥ ወስኛለሁ። አባቴ ግን ‹አገሬን የጣልኩት ላንተ ብዬ ነው› እያለ ያለቅሳል። ደም ሳይ ደግሞ ያዞረኛል። ምን ይመክሩኛል?» መጨረሻ ላይ ሌሎች ጥያቄዎችንም ጣል አድርጓል። አንድ ማኔጅመንት ነኝ የሚል ድርጅት ለፎቶና ለሥልጠና 1,900 ዶላር ከፍለህ የ5 ዓመት ውል ፈርም ብሎታል። ስሜን ልቀይር ወይ? አክሰንቴስ? ይላል።

ወንድሜ፣ ስለ ፔክ የጻፍከው አብዛኛው ልክ ነው። ችግሩ መሀሉን ዘለህዋል። ሕክምናውን ተወ? አዎ። ኒውዮርክ ገባ? አዎ። በሁለቱ መሀል ግን ዲግሪ አለ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ልጆች ስንቱ የታዋቂ ሰው ታሪክ ይዞ ይመጣል መሰለህ! ሁሉም የሚያስታውሱት የተዘለለውን ገደል ነው። ደረጃውን የሚያስታውስ የለም። ይሄ ነገር ደሜን ያፈላዋል፣ ስለዚህ ዛሬ በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፔክ የተወለደው በ1916 ሳንዲያጎ ጥግ ላ ሆያ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተፋቱ። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። በየሳምንቱ ሲኒማ ቤት የሚወስዱትም እሳቸው ነበሩ። ሃይስኩል ሲጨርስ ሳንዲያጎ ስቴት የሚባል ኮሌጅ ገብቶ አንድ ዓመት ተማረ። ለነዳጅ ኩባንያም ካሚዮን ነዳ። በርክሌይ የሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ከትንሹ ኮሌጅ ወደ ትልቁ የተሻገረ ልጅ ነው። አንተ ትራንስፈር የምትለውን ነገር ማለት ነው።

በርክሌይ ያኔ የዓመት ክፍያው 26 ዶላር ነበር። ዛሬ ለአንድ ምሳ የምታወጣው ገንዘብ ነው። ፔክ ግን እሱንም ለመክፈል ይቸገር ነበር። ምን አደረገ? ሴት ተማሪዎች በጋራ የሚኖሩበት ቤት ሄዶ ወጥ ቤት ውስጥ በረዳትነት ተቀጠረ። ደሞዙ ምግብ ነው። ጠዋት ጀልባ ይቀዝፋል፣ ቀን ይማራል፣ ምግቡን በጉልበቱ ያገኛል። ያቺን የቀዘፋ ቡድን ደግሞ እስከ እርጅናው አልረሳትም፤ ኋላ 25,000 ዶላር ሰጥቷታል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነበር። የዩኒቨርሲቲው ቴአትር ዳይሬክተር ኤድዊን ዱር ለመድረክ ረጅም ሰው ሲፈልግ ግቢ ውስጥ አየውና «ና እስቲ» አለው። «ሞቢ ዲክ» ከሚባለው ልብ ወለድ በተሠራ ተውኔት ላይ ስታርበክ የተባለውን መርከበኛ ሆኖ ተጫወተ። (ከዓመታት በኋላ፣ በ1956፣ በዚሁ ታሪክ ፊልም ላይ ካፒቴኑን ኤሃብን ሆኖ ሠራ።) በመጨረሻው ዓመት ብቻ 5 ተውኔቶች ላይ ወጥቷል። ወደ ሕክምና የሚወስደውን መንገድ የተወው እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኖ ነው። በእንግሊዝኛ ተመርቆ ወጣ። አየህ፣ ሰዎች ሊያገኙት የቻሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው። ጥሎ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ኤድዊን ዱር ሌላ ረጅም ልጅ ይጠራ ነበር፣ አለቀ።

ኒውዮርክስ? በ1939 ገባ። ገንዘቡ ሲያልቅበት ሴንትራል ፓርክ ያደረበት ጊዜ አለ። ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በዚያ ዓመት በተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን መንገደኛውን «ኑ ግቡ! ኑ እዩ!» እያለ የሚጣራ ሰው ሆነ። ሮክፌለር ሴንተር ውስጥ አስጎብኚ ሆነ። ፎቶ ሞዴልነትም ሞክሯል። ኔበርሁድ ፕሌይሃውስ የተባለው የትወና ትምህርት ቤት ደግሞ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው።

በ1940 ቨርጂኒያ ውስጥ አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ባርተር ቴአትር የሚባል ቦታ ሄደ። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ቴአትር ቤቱ የተከፈተው በ1933፣ ሰው ገንዘብ ባጣበት በዚያ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። መግቢያው 40 ሳንቲም ነበር። ሳንቲም የሌለው ገበሬ በዚያ ዋጋ ልክ አትክልት ወይም እንቁላል ወይም ወተት ይዞ ይመጣል። ተዋናዮቹም ከዚያው ይበላሉ። ፔክ እዚያ 5 ተውኔቶች ላይ ሠርቶ ክፍያው ምግብ ነበር። በርክሌይ ወጥ ቤት ውስጥ በምግብ ሠራ፣ ቨርጂኒያ መድረክ ላይ በምግብ ሠራ። ልጁ ሁልጊዜ የሚበላበትን ያውቃል።

የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ያሉበት ብሮድዌይ የደረሰው በ1942 ነው። እዚያ የሠራባቸው ሦስት ተውኔቶች ብዙም ሳይቆዩ ከመድረክ ወረዱ። እሱን ግን ሰው አየው። እዚህ ላይ ስለ ዕድል አንድ ነገር ልበልህ፣ ምክንያቱም የታዋቂ ሰው ታሪክ ሲነገር ዕድል ሁልጊዜ ይረሳል። ፔክ በዳንስ አስተማሪዋ በማርታ ግራሃም የእንቅስቃሴ ክፍለ ጊዜ ጀርባውን ተጎድቶ ስለነበር ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልተመለመለም። (ሆሊውድ ጉዳቱ የመጣው ከጀልባ ቀዘፋ ነው ብሎ ያስወራ ነበር፤ የዳንስ ክፍል ለወንድ አይመጥንም ብለው መሰለኝ።) በዚያን ጊዜ ከዝነኞቹ ተዋናዮች ጄምስ ስቱዋርት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበራል። ክላርክ ጌብል ወታደር ሆኗል። ስቱዲዮዎቹ መሪ ተዋናይ ወንድ ጠፍቷቸው ነበር። የፔክ የመጀመሪያ ፊልም በ1944 ወጣ፣ ብዙም አልሆነለትም። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ግን ለኦስካር አሳጨው። ይሄን ክፍት ቦታ አንተ ልታቅደው አትችልም። ልታቅድ የምትችለው ክፍት ቦታ እስኪመጣ ድረስ በልተህ የምትቆይበትን ነው።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ነገር ልንገርህ። ኤምጂኤም የሚባለው የፊልም ስቱዲዮ አለቃ ሉዊስ ሜየር የ7 ዓመት ውል አቀረበለት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ተዋናይ የስቱዲዮው ንብረት ነው ማለት ይቻላል። የሰጡትን ፊልም አልሠራም ካለ ያለ ደሞዝ ይታገዳል፤ የታገደበት ጊዜም ውሉ ላይ ይጨመርበታል። ይሄን ነገር ተዋናይቷ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ዋርነር ስቱዲዮን ከሳ በ1944 አሸንፋ ነው ያስቆመችው። ፔክ ግን ገና ጀማሪ ሆኖ እምቢ አለ። በፊልም ቁጥር እየተዋዋለ ከአንድ በላይ ለሆኑ ስቱዲዮዎች ሠራ። እምቢ ማለት የሚችለው ደግሞ ውሉ ቢቀር ነገ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። ምንም የሌለው ሰው የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል።

ወደ አንተ ልምጣ። ፓርክ ውስጥ ማደር በታሪክ ሲነበብ ደስ ይላል። ያንተ 500 ዶላር ከኪራዩ ሲጎድል ግን የሚሞላው አባትህ በሚጨምሩት የሌሊት ሰዓት ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወሩ አንድ ሲል ማንም ሕልምህን አይጠይቅህም። ስለዚህ ኮሌጁን አታቋርጥ።

ነርሲንጉን ግን ተወው። በግልጽ ነው የምልህ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነርሲንግ ለመግባት ፉክክሩ ከባድ ነው። ኬሚስትሪ የሚደግምና ደም ሲያይ የሚያዞረው ልጅ ሰልፉ ውስጥ ቆሞ ዓመታት ያባክናል። ሜጀርህን ቀይር። ቴአትር ይሁን፣ ኮሚኒኬሽን ይሁን፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግርህን ምረጥ። ኮሌጅህ የቴአትር ክፍል ካለው በየሴሚስተሩ ትርኢት ያዘጋጃል። እዚያ ኦዲሽን ግባ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ እስካሁን አንድ መድረክ ላይ እንኳ ወጥቻለሁ አላልክም። ትወና እወዳለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ አንድ ተውኔት ላይ ሦስት መስመር ተናግሮ ይየው።

ሥራውንም ቀይር። ሱፐርማርኬቱ ቅዳሜና እሁድን ይበላብሃል፤ ልምምድና ትርኢት የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው። የሌሊት ሥራ ፈልግ። የሆቴል ሪሴፕሽን፣ የሕንፃ ጥበቃ፣ ፓርኪንግ። እኔ ማስተርሴን የሠራሁት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ቡዝ ተቀምጬ ነው። እግር ሥር ትንሽዬ ሂተር፣ ጭን ላይ መጽሐፍ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣ መኪና የለም፣ ገጽ ግን ይገለጣል። ስክሪፕት ለመሸምደድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ኦዲሽን ቀን ነው የሚሆነው፤ አሁን ደግሞ ብዙው በስልክ ተቀርጾ የሚላክ ነው። እንቅልፍህን ከጠዋት እስከ ቀትር ትተኛለህ። ይለመዳል።

ስለ አባትህ። «አገሬን የጣልኩት ላንተ ብዬ ነው» የምትለው ንግግር እዚህ አገር ያደገ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ከእራት ጋር የሚበላት ናት። እውነትነት አላት። ግን እንደ ዱቤ መዝገብ በየቀኑ የምትገለጥ መሆን የለባትም። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት በአክብሮት እላለሁ፦ ልጅዎ ነርስ ቢሆን የሚጎዱት በሽተኞቹ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «የኔ ልጅ ነርስ ነው» ማለት ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ለዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ልጁ የማይወደውን ሥራ 40 ዓመት ሊሠራ አይገባም። ለከፈሉት ዋጋ ምላሽ የሚፈልጉ ከሆነ ዲግሪውን እንዲጨርስ ይጠይቁት። የትኛውን ዲግሪ የሚለውን ለእሱ ይተዉለት። አንተም ብትሆን «አቋርጫለሁ» ብለህ አባትህ ፊት አትቅረብ። «ክፍል ቀይሬያለሁ፣ የምመረቀው በዚህ ዓመት ነው፣ ኪራዩም አይቋረጥም» ብለህ ወረቀቱን ይዘህ ተቀመጥ። የሐበሻ አባት ቀን የተቆረጠለት ነገር ላይ ይለሰልሳል።

ደግሞ አትቸኩል። ፔክ 4 ጊዜ ታጭቶ ኦስካር ሳይወስድ ቀረ። የወሰደው በ5ኛው፣ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ላይ ጠበቃውን አቲከስ ፊንችን ሆኖ ሠርቶ ነው። 1963 ነበር፣ ዕድሜው 47። ኮከብ ከሆነ በኋላ እንኳ በ1947 ከጓደኞቹ ጋር የትውልድ መንደሩ ላይ የመድረክ ቴአትር ከፍቷል።

1,900 ዶላሩን እንዳትከፍል! በካሊፎርኒያ ሕግ ወኪል እሆንሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። እውነተኛ ኤጀንት የሚበላው አንተ ስትበላ ነው፣ ከምታገኘው በኮሚሽን። የ5 ዓመት ውሉንም ጠበቃ ሳያየው አትንካው።

ስምህን አትቀይር። ፔክ ራሱ የጣለው ኤልድሬድ የሚለውን የመጀመሪያ ስሙን ነው፤ እናቱ ከስልክ ማውጫ ላይ ያገኙት ስም ነው ይባላል። ግሪጎሪ የአባቱ ስም ነው። አክሰንትህን ደግሞ ኮሌጅህ ውስጥ የድምፅና የንግግር ኮርስ ካለ እዚያ ያስተካክሉልሃል። ለፊልም ሁለት ዓይነት አነጋገር መቻል ትርፍ ነው። አማርኛህን ግን አደራ።

የመጨረሻው አስቸኳይ ነው። ኬሚስትሪውን ዝም ብለህ መቅረት አትጀምር። ከቀረህ ኤፍ ይመዘገብብሃል፣ ትራንስፈር ስትጠይቅም ይከተልሃል። ኮሌጅህ የዊዝድሮዋል የመጨረሻ ቀን አለው፤ ሳያልፍ የኮሌጁን አማካሪ አነጋግር። ፋይናንሺያል ኤይድ የምትወስድ ከሆነም ከ12 ዩኒት በታች ስትወርድ ሊቀነስብህ ይችላል፣ እሱን አስቀድመህ ጠይቅ። ዩኒቱ የሚጎድልህ ከሆነ ኬሚስትሪውን በ«ሲ» ውጤትም ቢሆን ጨርሰህ ቴአትሩን በሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምር።