ዓይኑን የሚገልጠው ስልክ

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የካርቱኑ ድመት የጋርፊልድ ስልክ ነበር። እጀታው የድመቱ ጀርባ ነው። ሲያነሱት ዓይኑን ይገልጣል፣ ሲዘጉት ይጨፍናል። ሰሞኑን ዕቃ ስናስተካክል አገኘሁት። ዓይኑ አሁንም ይሠራል! ቤተሰቦቼ ግን “ሞባይል እያለሽ ምን ያደርግልሻል? ጣይው” ይሉኛል። ልጣለው ወይስ ሊሠራ ይችላል?

መልስ፦ ኧረ እንዳይጥሉት! ደብዳቤዎን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለው።

የእኛ ቤት ስልክ ገላው እንደ ብርጭቆ ውስጡን የሚያሳይ ነበር። ቀይና ሰማያዊ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሲጠራ ውስጡ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። እኔና ወንድሜ ማታ ማታ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን እስኪጠራ እንጠብቅ ነበር። ቀድሞ ያነሳው ያሸንፋል። የሚገርመኝ መብራት ጠፍቶም ስልኩ ማብራቱ ነበር። ለካ የቤት ስልክ የሚሠራው መስመሩ ራሱ ይዞት በሚመጣው ኃይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ገደማ። ሲጠራ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል።

ወደ እርስዎ ድመት ልመለስ። የስልክ መስመር ካለዎት ይሰኩትና እጀታውን ያንሱ። “ቱ…” ካለ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቱ እያለ ቁጥር አልመታም ካለ፣ ከሥሩ ወይም ከጎኑ ቲ (T) እና ፒ (P) የሚል ማብሪያ መሰል ነገር ይፈልጉ። ፒ ላይ ከሆነ ስልኩ መስመሩን እንደ ቁጥሩ ብዛት ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል፤ የድሮው ባለ ክብ መደወያ አሠራር ነው። ቲ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይልካል። ይሄኛው ለደንበኞች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አሁን ስልክ የሚሰካባቸው ብዙ የኢንተርኔት ሞደሞች የሚገባቸው ቲ ብቻ ነውና ወደዚያ ያዙሩት።

መስመር ከሌለዎትም አይዘኑ። የድሮ ስልክን ከሞባይል ጋር በብሉቱዝ የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን አለ። ሞባይልዎ ሲጠራ ድመቱም ይጠራል።

ድምፁ ከተንኮሻኮሸ መጀመሪያ ጥምዝምዙን ገመድ ይጠርጥሩ። ጣታችን ላይ እየጠመጠምን፣ በር ዘግተን ለማውራት እየጎተትን የጨረስነው እሱን ነው። መቀየር ይቻላል። ሲያጸዱት እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ያለውን) እንዳያስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ዓይኑንም በጣትዎ አይግፉት።

በነገራችን ላይ፣ የእርስዎ ድመት ዘመዶች፣ ማለትም ሌሎች የጋርፊልድ ስልኮች፣ ፈረንሳይ ብሪታኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ተሰባብረው ሲወጡ ኖረዋል። ከየት እንደሚመጡ ግራ የገባው ሕዝብ ምንጩን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ የተጫኑበት ኮንቴይነር ስብርባሪ ባሕሩ ዳር ባለ ዋሻ ውስጥ ተገኘ። የእርስዎ ደግሞ ሙሉ አካሉ፣ ከነዓይኑ፣ ቤትዎ ነው ያለው።

ሲጠራ ቀድሞ ማን እንዳነሳው ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።