አሮጌ ሞተር ሳይክልና ኢንጂኑን ቤት ውስጥ ስለ መቀባት፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በግል የሚመጣልኝ ጥያቄ በዛ፤ አብዛኛውም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁላችሁም ፊት ልመልስ ብያለሁ። ቬስፓ፣ ጃዋ፣ የድሮ ያማሃና ሆንዳ እየፈታሁ ስቀባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የምሠራው ግቢዬ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ስለ ሊብሬና ስለ ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

አንድ አደራ አለኝ። እኛ አገር «ሞተር» ስንል ሞተር ሳይክሉም ነው፣ ኢንጂኑም ነው። ስትጠይቁ ለዩልኝ። የሁለቱ ቀለም አይገናኝም።

ባለ ቬስፓው፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የአባቴ ቬስፓ ለዓመታት መጋዘን ቆሞ አሁን እኔ እጅ ገባ። ላዩ አባቴ ያስቀባው ቀይ ነው፤ እየተላጠ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ቀለም ከመግዛትህ በፊት እጠበው። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያ በሙቅ ውሃና በዕቃ ሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ሲደርቅ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ካልተመለሰ እንደገና እጠበው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግራሶው ሳይወጣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሸው፣ ግራሶውን ጭረቱ ውስጥ ትቀብረዋለህ። አዲሱ ቀለም ሲነካው ክብ ክብ እየሆነ ይከፈታል። የዓሣ ዓይን የምንለው ይኼ ነው። አንዴ ከወጣ ተላጥቶ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው።

ከታጠበ በኋላ ምን ያህል ቀለም እንደተደራረበበት እወቅ። የማይታይ ቦታ መርጠህ ሳንቲም የምታክል ክብ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየነከርክ ቀስ ብለህ እሸው። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት በቀለበት ይወጣልሃል። ባለፈው የሠራሁት ቬስፓ ቀይ ነበር። ከሥሩ ሰማያዊ መጣ፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ስቱኮ (ላሜራ የሚስተካከልበት ልጥፍ)፣ ከዚያ የፋብሪካው ክሬም፣ መጨረሻ ላይ ብረቱ። ስቱኮ እንዲህ ከወፈረ የሚሸፍነው ነገር አለ ማለት ነው።

ቬስፓ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል ለብቻው የቆመ ቴላዮ፣ ማለትም አጽም፣ የለውም። ፒያጆ በ1946 ሲያወጣው ጀምሮ የሚሸከመው ራሱ ላሜራው ነው። ስለዚህ እግር የሚያርፍበትን ወለል ገልብጠህ በካቻቢቴ እጀታ አንኳኳው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድፍን ካለ ወይም ካቻቢቴው ከገባ፣ ቀለሙን ተወውና ባትላሜራ ጋ ውሰደው። ስቱኮ ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነው።

የመርካቶው፦ የፍሬን ዘይት ቀለም ሙልጭ አድርጎ ይልጣል። ለምን ይደክማል?

መልስ፦ ይልጣል። ግን የላሜራው ስፌት ውስጥ ይገባና አይወጣም። ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ቀለም በስፌቱ በኩል ይነሳል። አታድርጉት።

ባለ ጃዋው፦ የእኔ ጥያቄ ስለ ኢንጂኑ ነው። ጃዋ 350 ነው። ሲሊንደሩና ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ምን ዓይነት ቀለም ይፈልጋል? በተራ ስፕሬይ ቀብቼው በሳምንቱ ተላጠ።

መልስ፦ ይኼ የምወደው ጥያቄ ነው። ረጋ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋ። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ብረቱን ስታጥበው ውሃው ሳይደርቅ ዝገት ይጀምረዋል። ስለዚህ የታጠበ ቀን መቀባት አለበት። አሉሚኒየሙን ደግሞ በካስቲክ ሶዳ እንዳታጥበው። ሶዳው ግራሶውን ብቻ ሳይሆን አሉሚኒየሙንም ይበላዋል፤ ጥቁር አድርጎ ይተወዋል። በነጭ ጋዝና በናስ ብሩሽ፣ ሙቀት የሚያስወጡትን ክንፎች አንድ በአንድ እያልክ ነው የሚጸዳው። አንድ ሲሊንደር ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። እጄ ከክንፎቹ መሃል ስለማይገባ ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጭን እንጨት ላይ ጠቅልዬ ነው የምፈትገው።

አሸዋ አስነፋለሁ የምትሉም አላችሁ። ኢንጂን ላይ አሸዋ አታስነፉ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ ከቀረች ኩሽኔታውን ትፈጨዋለች። የአሸዋው ብናኝም ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ቀለሙ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ለሲሊንደርና ለማርሚታ (ለጭስ ማውጫው) ጣሳው ላይ 600 ዲግሪ የሚል ፈልግ። ለታችኛው ካርተር (ለኢንጂኑ ሆድ) የኢንጂን ቀለም የሚባለው ይበቃል፤ እዚያ ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም። ከሥሩ ተራ አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ፕራይመር፣ አትቀባ። የአንተ የተላጠው ከዚህ በአንዱ ነው። ቀለሙ ቢችል እንኳ ከሥር ያለው ተራ ፕራይመር ሲግል ይለቅና ላዩን ይዞት ይወርዳል።

ስስ አድርገህ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ርጭ። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ላይ ወፍራም ቀለም እንደ ብርድ ልብስ ነው። ጣሳውን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አርቀህ፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ፣ የክንፎቹ ሆድ እንዲነካ አድርገህ ርጭ።

የማይቀቡ ቦታዎች አሉ። ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚቀመጥበት ፊት፣ ካንዴላው የሚያርፍበት፣ የማሳ ገመድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) የሚታሰርበት። ማሳው ላይ ቀለም ካለ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ከዚያ «ከተቀባ በኋላ እምቢ አለኝ» ትሉኛላችሁ። የካንዴላውን ቀዳዳ በአሮጌ ካንዴላ ዝጋው። የካርቡራተሩንና የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ወትፍ። ስንት ጨርቅ እንደወተፍክ ግን ወረቀት ላይ ጻፍ። እኔ አንድ ጊዜ አንዱን ረስቼ ገጠምኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ካርቡራተር ስፈታ ስገጥም ከርሜ፣ ጨርቁ ማስገቢያው ውስጥ ተጨምድዶ ተገኘ። የሰው ሞተር ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአዳማዋ፦ ጋሼ፣ የሙቀት ቀለም መጋገር አለበት ይላሉ። ቴስታውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ባደርገውስ?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። አዎ፣ እስኪጋገር ድረስ ለስላሳ ነው፤ ቤንዚን ጠብ ቢልበት ይታጠባል። ግን እንጀራ በሚጋገርበት ምጣድ በፍጹም አታድርጊው። ጭሱ መርዝ ነው፣ ምጣዱም ከዚያ በኋላ ለምግብ አይሆንም። የቤት ኦቭንም እንደዚሁ። ምጣድ ደግሞ ከታች ብቻ ነው የሚያግለው። ይልቅ ገጥመሽ ራሱ ኢንጂኑ ይጋግረው። ቀለሙ አንድ ቀን ይደርቅ። ከዚያ ውጭ አውጥተሽ አሥር ደቂቃ አሥነሺው፣ አጥፊው፣ እጅ እስኪያስነካ ይቀዝቅዝ። ሦስት ጊዜ ይኼን ድገሚ፣ በየጊዜው ትንሽ ጨምሪ። የመጀመሪያው ቀን ይጨሳል፤ አትደንግጪ።

የሰሚት ልጅ፦ ሞተሬን ቀለም መቀባት ፈልጌ ነበር። እንዴት ነው የሚደረገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንጂኑን ነው ሞተር ሳይክሉን? ምን ዓይነት ነው? አሁን ምን ቀለም አለበት? ይኼን ሳታውቅ የምመልስልህ የለኝም። ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

የድሬው፦ ለቬስፓ ምን ቀለም ያምራል? እኔ ጥቁር ማት፣ የማያብለጨልጨውን፣ እላለሁ።

የመርካቶው፦ ቬስፓን ጥቁር ማት? ኧረ በናትህ! የፋብሪካው ቀለም ነው ክብሩ። ማት ያረግከው ቀን ታሪኩን ገደልከው።

የድሬው፦ የሰው ንብረት ነው። አባቱስ ቀይ ቀብቶት የለ? ያኔ ማን ታሪክ ገደልክ አለው?

የመርካቶው፦ አባቱ መጓጓዣ ነበር የፈለገው። አሁን ግን ያለው ጥቂት ነው። የቀረውን ደግሞ እኛ አናበላሸው።

ባለ ጃዋው፦ እኔ ሁለታችሁም አትስማሙኝም። የተላጠውም ቢሆን እንዳለ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ መያዝ ነው። አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

መልስ፦ በቃ፣ ይብቃችሁ። የቀለም ምርጫ የባለቤቱ ነው። ለእኔ ግን የባለ ጃዋው ነገር ያስኬዳል፤ ብረቱ ጤነኛ ከሆነና የፋብሪካው ቀለም ካለበት አለመቀባትም ሥራ ነው። የባለ ቬስፓው ግን በላዩ ሁለተኛ ቀለም አለ፣ እሱም እየተላጠ ነው። መነሳት አለበት። ማት ለምትፈልጉ፦ ማት ሲቆሽሽ ማሻሻያ የለውም፤ ከፈተጋችሁት ያብለጨልጫል።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ ሰላም። ለገና ስመጣ ለወንድሜ ስድስት ጣሳ ጥሩ ስፕሬይ በሻንጣ ላምጣለት?

መልስ፦ አታምጣ። የቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ነው፤ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን ክልክል ነው። ይልቅ 1500 እና 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀትና የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ያለው ማስክ አምጣለት።

የአዳማዋ፦ የኮሮና ጊዜ ማስክ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የጨርቅም፣ የወረቀትም ማስክ ብናኝ እንጂ ትነት አይዝም። በተለይ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት የሁለት ጣሳ ቀለምና ክሊር (ከላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ማብለጭለጫ) አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለው። አስም ያመጣል፤ አንዴ ካስያዘ በኋላ ትንሹ እንኳ ይቀሰቅሰዋል። ሽታው ስላልተሰማኝ ደህና ነኝ አትበሉ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ቤት፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ከሌላችሁ የሁለት ጣሳ አትርጩ። ሙያውን ለያዘና መርጫ ክፍል ላለው ስጡት። አጥባችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ አዘጋጁለት፣ እሱ ይርጭ።

የጎንደሩ፦ ሰልባትዮው (የቤንዚን ጋኑ) ላይ ማጠንከሪያ የሌለው የአንድ ጣሳ ክሊር ብረጭስ?

መልስ፦ ያምራል፣ ቤንዚን ስትቀዳ ግን ጠብ ያለበት ቦታ ይለሰልሳል፣ ይላጣል። የሁለት ጣሳው ነው የሚችለው። ስለዚህ ሰልባትዮውን ብቻ ለባለሙያ ስጥ።

የጎንደሩ፦ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቤንዚኑን ከደፋሁት በኋላ ላስበይደው?

መልስ፦ አይሆንም! ባዶ ሰልባትዮ ከሞላው ይብሳል። የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ዓመት ደርቆ የቆየም ዝገቱ ውስጥ ትነት ይይዛል። ብየዳም፣ ፍሌክስም፣ ሲጋራም አጠገቡ አይድረስ። ውስጡ ዝገት ብቻ ከሆነ አቼቶ ሞልተህ አንድ ሁለት ቀን አቆየው፣ ብሎኖች ጨምረህ አንቀጥቅጥ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ እጠብና ወዲያው አድርቀው። ቀዳዳውን ግን ሰልባትዮ አጥቦ መበየድ ለሚያውቅ ሰው ስጥ።

የሰሚት ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ። ሞተር ሳይክሉን ነው፤ ሆንዳ ሲጂ 125፣ አሮጌው። ያለው ቀለም ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አሁን ተጠየቀ። ጥጥ ቲነር ነክረህ የማይታይ ቦታ ላይ ያዘው። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣ ናይትሮ (ቶሎ የሚደርቀው፣ በቲነር የሚሟሟው) ነው። ከተጨማደደ ሲንቴቲክ (ቀስ ብሎ የሚደርቀው የዘይት ቀለም) ነው፤ በላዩ ጠንካራ ቲነር ያለው ቀለም ከረጨህ ሁሉም ይነሳል፣ ልጠው። ምንም ካልሆነ የተጋገረ ወይም የሁለት ጣሳ ነው፤ አሽተህ በላዩ መቀባት ትችላለህ።

የድሬው፦ ክሮም ቤት ውስጥ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም።

የአዳማዋ፦ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በነሐሴ ቀብቶ ቀለሙ ወተት መሰለ። ቀለሙ የተበላሸ ነው?

መልስ፦ ቀለሙ ደህና ነው፣ ወሩ ነው። ቲነሩ ሲተን ላሜራው ይቀዘቅዛል፣ የክረምቱ እርጥበት በላዩ ይወርዳል፣ ናይትሮው ይነጣል። ጥቅምትን ይጠብቅ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ጤዛው ሲነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይመጣ። ወለሉ ላይ ውሃ ይርጭ፣ አቧራ ይይዝለታል።

ባለ ቬስፓው፦ ጋሼ፣ አሁን ከግቢ ነው የምጽፈው። ሰልባትዮውን አውጥቼ ከሥሩ ያለውን ላሜራ በነጭ ጋዝ ጠረግኩት። ቀዩ እዚያ አልደረሰም። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። አባቴ ሁልጊዜ «አረንጓዴዋ» ይላት ነበር፣ እኛ ቀይ ሆና ነው ያወቅናት።

መልስ፦ እሰይ! ያንን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፤ ማንም አይንካው። ከዳር ትንሽ በማብሪያ ቅባት አብሰው፣ እውነተኛው ቀለም ከፈዘዘው ሥር ይወጣል። ቀለም የሚቀምም ቤት ሰልባትዮ የሌለውን አካሉን ይዘህ ሂድ፤ በፎቶ አይሆንም። ቀምመው ሲሰጡህ ቁራጭ ላሜራ ላይ አስረጭተህ፣ አድርቀህ፣ ፀሐይ ላይ አጠገቡ ያዘው። እርጥቡን አትመን። ካልገጠመ መልስላቸው። ሲገጥም ለእኔም አሳየኝ።