ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ

ልጆቼ፣ የመጀመሪያ መኪናችሁን የገዛችሁ ሰሞን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «የሞተር ዘይት ራሴ ብቀይር ይሻላል ወይስ ለመካኒክ ልክፈል?» ከ30 ዓመት በላይ ጋራዥ የኖርኩ ሰው ነኝና የማምንበትን ልንገራችሁ።

ለገንዘብ ብላችሁ ከሆነ ብዙም አታተርፉም። አዲስ አበባ ውስጥ ውዱ ዘይቱና ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ነው፤ የእጅ ዋጋው ቀላል ነው። ዘይቱን እዚያው ከገዛችሁ በነፃ የሚቀይርላችሁ ቤትም አለ። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ግን ራሱ ነው የሚቀይረው። እዚያ የእጅ ዋጋ ኪስ ይጎዳል። እናንተ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ አቁማችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ቀይሩት። ከዚያ በኋላ ብትከፍሉም አውቃችሁ ነው የምትከፍሉት።

ጀማሪ ሳለሁ የአንድ መምህር ኮሮላ ዘይት ቀየርኩ። አሮጌውን ፊልትሮ ስፈታው ክብ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። አላየሁትም። አዲሱን ከነጎማው በላዩ ላይ አሰርኩት። ሞተሩን ሳስነሳው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። መምህሩ ቃሊቲን አልፈው ፍጥነት ሲጨምሩ የተደራረበው ጎማ ሸሸና ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ቀዩ የዘይት መብራት በራ። እሳቸው «ቤት ልድረስና አየዋለሁ» አላሉም። ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን አጠፉት። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ይነዳ ነበር፤ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ተበልቶ ሞተሩ ይነክስ፣ አልሽከረከርም ይል ነበር። ያን ቀን ሞተሩን ያተረፈው የባለቤቱ ዕውቀት ነው፤ እኔንም ከሥራ ከመባረር ያተረፉኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ፊልትሮ በፈታሁ ቁጥር መቀመጫውን በጣቴ ዙሪያውን ሳልዳስስ አላስርም። እናንተም ዳስሱ። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ትንሽ አዲስ ዘይት ቀቡት። በእጃችሁ አዙሩት፣ ጎማው ሲነካ ደግሞ የዙሩን ሦስት አራተኛ ያህል ጨምሩበት። በቁልፍ አትታገሉት። የማፍሰሻውን ብሎንም መጀመሪያ በጣት አስገቡት። ጥርሱ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው። ደግሞ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በፍጹም እንዳትገቡ! ክሪክ ይከዳል። ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ) አስገቡ፣ የመኪናው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ካቫሌቶም ደልዳላ ቦታም ከሌላችሁ ጋራዥ ሂዱ፤ ነውር የለበትም።

ጋራዥ ስትሄዱ ግን ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱና መካኒኩ አጠገብ ቁሙ። ዘይቱ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በባለ 4 ሊትር ጋሎን ነው። ቪትዝን የመሰለች ትንሽ መኪና ግን 4 ሊትር ሙሉ አትፈልግም። አንዳንድ የጋራዥ ልጅ «ከሚተርፍ ይግባ» ብሎ ሙሉውን ይገለብጠዋል። ዘይት ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ ማሸጊያ ጎማዎችን ገፍቶ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ መለኪያዋን ዘንግ ራሳችሁ ሳቡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ እንደገና ሳቡ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። ጋሎኑ ታሽጎ መምጣቱን በዓይናችሁ እዩ። የሚፈታው የማርሽ ሳይሆን የሞተር ዘይት ብሎን መሆኑንም ጠይቁ። አንዱን ለሌላው ፈትተው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ባዶ ያደረጉ ሰዎች አይቻለሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነማ ዘይቱን እናንተ አትንኩት፤ ለባለሙያ ተዉት።

ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየር? ተራውን ዘይት ከ5,000 አታሳልፉት። 5,000 ባይሞላም ስድስት ወር ከሞላው ቀይሩት። ከሜክሲኮ ጀሞ በመጨናነቅ ስትሄዱ ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሠራል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። አቧራችንን ጨምሩበት። የመኪናው መጽሐፍ ለከባድ አጠቃቀም ቶሎ ቀይሩ የሚለው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን በእጃችሁ ያለችው መኪና ገና ረጅም ዓመት ታገለግላችኋለች። የእሷን ሞተር የሚተካ ሌላ ሞተር፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዋጋውን ብትጠይቁ የምለው ይገባችኋል።

ቤት የምትቀይሩ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። ጓንት አድርጉ፣ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙትና ለሚረከብ ጋራዥ ስጡት። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት ክረምት ሲመጣ በጎርፉ ተጠርጎ ወንዝ ይገባል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ገበያ ወጥቶ ቤታችን ይመጣል።